የመተንፈሻው ቦርድ

ሰኞ 4

...እና አባባ ጣውላውን ወደ ብርሃኑ አንስቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጫፍ ለጫፍ ሲያየው፣ እኔ ከአናጢ ሱቁ ደፍ ላይ ቆሜ፣ ሰጋቱራው ጫማዬ ውስጥ እንዳይገባ በእግሬ ጣቶች ተንጠራርቼ፣ «ና እስቲ ያንን ጫፍ ያዝልኝ» ሲለኝ «የቤት ሥራ አለብኝ» ብዬው የሄድኩ ቀን አምስተኛ ክፍል ነበርኩ መሰለኝ። ወይም ስድስተኛ። የቤት ሥራ አልነበረብኝም።

ይህ ዛሬ ለምን ትዝ አለኝ? መተንፈሻው ስለቆመ ይሆናል። ቤቱ ጸጥ ሲል የድሮው ሁሉ ይመጣብኛል።

ትናንት ከሰዓት መብራት ሄዶ ሲመለስ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። መተንፈሻ የምንለው ሳሎን ጥግ የቆመውን፣ ከክፍሉ አየር ኦክስጅን ለይቶ በቀጭን ቱቦ ወደ አባባ አፍንጫ የሚልከውን መሣሪያ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየስድስት ሰከንዱ «ጭስስ» እያለ እንደ አራተኛ ቤተሰብ አብሮን ኖሯል። (አራተኛ አልኩ። እናቴን ዛሬም እቆጥራለሁ ማለት ነው።)

ከፈትኩት። አየር መጭመቂያው ደህና ነው። ቫልቮቹም ደህና ናቸው። የሞተው ቫልቮቹ ተራ በተራ እንዲከፈቱ የሚያዘው ቦርድ ነው፤ መሃሉ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል ጥቁር ቁስል አለበት።

አባባ ለጊዜው በኦክስጅን ሲሊንደር ይተነፍሳል። አንዱ ሲሊንደር ለሦስት ቀን ይበቃል፣ ያውም ተቆጥቦ።

ማክሰኞ 5

በምሳ ሰዓት፣ በጥድፊያ።

መተንፈሻውን የሸጠልን ሰውዬ ዘንድ ሄድኩ። ቦርዱን በመሐረብ ጠቅልዬ። አገላብጦ አየውና «ይሄን ሞዴል የሠራው ፋብሪካ ራሱ ረስቶታል» አለኝ። ከመጋረጃ ጀርባ ያገለገለ መተንፈሻ አሳየኝ። የእኛው እስኪሠራ ሊያውሰኝ ነው። «ይሄን በር የሠሩልኝ እኮ አባትህ ናቸው፣ ውሰደው በቃ።»

ቀፎው የተሰነጠቀ፣ ቱቦው በፕላስተር የታሰረ። ማን ሲተነፍስበት እንደኖረ አይታወቅም።

«ይቅርብኝ፤ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ ቦርዱን ራሴ እሠራዋለሁ» አልኩት።

«በምን?»

«ማሽን አለኝ። እኔው የሠራሁት።»

ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «እንግዲህ እጅህም ያንተ፣ አባትህም ያንተ» አለ።

ሲሊንደር ማስሞላት። ለብየዳው ስታኞ መግዛት። መዳብ የለበሰ ሰሌዳ፣ አራት።

ሐሙስ 7

ማሽኑን ለምን እንደሠራሁት ማንም ከልቡ ጠይቆኝ አያውቅም። እህቴ «መጫወቻህ» ትለዋለች። ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። የምሠራው ኮፒ ማሽን በሚጠገንበት ቤት ስለሆነ የሚጣል ነገር አይጠፋም፤ ዘንጎቹ ከሦስት የሞቱ ፕሪንተሮች ናቸው፣ ሞተሮቹም ከእነሱው፣ ገላው ደግሞ ከአባባ ሱቅ ከተረፈ ጣውላ። ከኮምፒውተሩ ትእዛዝ ይቀበልና መርፌ የምታህል መቁረጫ እያሽከረከረ የሰሌዳውን መዳብ ይፈለፍላል። መዳቡ የተነሳበት መስመር አጥር ይሆናል፤ የቀረው መዳብ የኤሌክትሪክ መንገድ። ሰሌዳው ራሱ የብርጭቆ ክር በሙጫ ተጨፍልቆ የተሠራ ነው። ቀላልና ጠንካራ። እስከዛሬ አንድ የበር ደወልና ለእህቴ ልጅ ብልጭ ድርግም የምትል ኮከብ ነው የሠራሁበት። ሰው የሚተነፍስበት ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ማሽኑ ያለው ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለችው የእኔ ክፍል ነው። መቁረጥ ከመጀመሩ በፊት መርፌዋ ሰሌዳውን በሃምሳ ቦታ ጠቅ ጠቅ እያደረገች ከፍታና ዝቅታውን ትለካለች። አባባ ይህንን በተዘጋ በር ሰምቶ፣ «አንተ፣ ዶሮ አስገባህ እንዴ?» አለኝ።

«ቦርዱን እየለካች ነው፣ አባባ።»

«ትልቀም፣ ትልቀም። መፈልፈሉን ግን መቼ ነው የምትጀምረው?»

ከዚያ ወዲህ ስሟ ዶሮዋ ሆኗል። እኔ ዘንድ ወንድ ነበር ማሽኑ።

የመጀመሪያው ቦርድ ተበላሸ። ዳር ዳሩን አምርራ ቆርጣ መሃሉ ላይ መዳቡን ጫር እንኳ አላደረገችውም። ቁጥሮቹን አርሜ በዚያው ሰሌዳ ደገምኩት። ያው ነው። ስህተቱ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። የት እንደሆነ ግን አላውቅም።

እሑድ 10

እህቴ መጣች። ታላቄ ናት፤ «እትዬ» ነው የምላት፣ ሲከፋኝም ሲደላኝም። የሰፈሯን አየር ታወድሳለች። ግቢ አላት፣ ዛፍ አላት፣ ባሏም ጨዋ ሰው ነው።

«አባባ፣ እኔ ዘንድ ሁን። ቢያንስ ይሄ ነገር እስኪሠራ።»

«አንቺ ዘንድ ሦስት ልጅና አንድ ውሻ አለ። እኔ አራተኛ ልጅ ልሁን ወይስ ሁለተኛ ውሻ?»

«ቀልድ አይደለም የያዝኩት።»

«እኔም የያዝኩት ቀልድ አይደለም። እዚህ ሰው አለኝ።»

ሰው ያለው እኔን ነው። ወጥ ቤት ገብቼ ብርጭቆ አጠብኩ። የታጠቡትን።

ስትወጣ በደረጃው ላይ፣ «አደራ» አለችኝ። አንድ ቃል። ምነው ረዘም አድርጋ በተናገረች ኖሮ።

ማክሰኞ 12

ዛሬ ከሥራ ቀረሁ። አለቃዬን ታምሜያለሁ አልኩት። ታማሚው ሌላ ነው እንጂ ውሸት አይደለም።

አባባ እስከ ክፍሌ በር መጣ፤ ሲሊንደሩን በጎማዋ ከኋላው እንደ ፍየል እየሳበ።

«ዘጋግተህ ምን ትሠራለህ?»

«ድምፁ እንዳይረብሽህ ነው።»

«አርባ ዓመት ከመጋዝ ጋር የኖርኩ ሰው በዶሮ ልረበሽ? በል ወንበር አምጣ።»

አመጣሁ። የተበላሸውን ቦርድ በጣቱ ዳበሰው። ከዚያ ቦርዱ የሚታሰርበትን ጣውላ፣ የማሽኑን አልጋ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ አስኬደበት። አንድ ጊዜ ሲሄድ፣ አንድ ጊዜ ሲመለስ።

«መሃሉ ተቀምጧል» አለ።

«ማሽኗ እኮ ለክታዋለች። ደህና ነው ትላለች።»

«ስትለካ አትጫንም። ስትቆርጥ ትጫናለች። ሥሩ ባዶ የሆነ ነገር ሲነኩት ደህና ይመስላል፤ ሲጫኑት ነው የሚሸሽ።»

ወረቀት እያጠፍኩ ከሰሌዳው ሥር ሰደድኩ። ሦስት እጥፍ ገባ። አምስት ቀን ኮምፒውተር ላይ የፈለግሁትን ስህተት አባባ በመዳፉ በግማሽ ደቂቃ አገኘው።

ዳር ዳሩን እንዲያስተካክልበት መላጊያውን ከመኝታው ሥር አወጣሁለት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ የኖረ። ሦስት ጊዜ ገፋ፣ አረፈ። ሁለት ጊዜ ገፋ፣ አረፈ። እኔ ጣውላውን በሌላው ጫፍ ያዝኩለት። ስንጨርስ አልጋው ላይ ያለውን ብናኝ አየና፣ «እፍ እልልህ ነበር፣ ትንፋሽ የለኝም እንጂ» ብሎ በራሱ ሳቀ።

እኔ እፍ አልኩት።

«በሩን አትዝጋው፤ ስትሠራ ልይህ» አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ ክፍት ነው። ወንበሩንም እዚያው ክፍሌ ውስጥ ተውኩለት፣ ከማሽኗ አንድ ክንድ ርቀት ላይ።

ዓርብ 15

ሁለተኛው ቦርድ። ወጣ! መስመሮቹ እንደ ፀጉር። መሃሉ ከዳሩ አይለይም። አባባ ከወንበሩ «እልልታውን እኔ ልምታ ወይስ አንተ?» አለኝ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ። ግልብጥ ነው። የድሮውን ቦርድ ፎቶ ያነሳሁት ከሥር ነበር፤ ምስሉን ሳልገለብጠው ፈለፈልኩት። ግራው ቀኝ ሆኗል፣ ቀኙ ግራ። በመስታወት ቢያዩት ፍጹም ነው። አንድ ቁራጭ እንኳ አይገጥምበትም።

አባባ ሲገባው ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ አልቆም አለ። ጀርባውን ያዝኩት። አጥንቱ በእጄ ውስጥ ቆመ። ሲበርድለት፣ «ግራና ቀኙን የማያውቅ ኢንጅነር ወልጄ...» አለ። ጨርሶ ሊስቅ ፈልጎ አልቻለም።

እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል? ሞኝ። ሞኝ። ጀማሪ የሚሳሳተውን።

ረቡዕ 20

ሳምንቱን ሙሉ ሥዕሉን ስገለብጥና ሳስተካክል ከረምኩ። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ሦስተኛውን ለመፈልፈል በአሮጌዎቹ ሰሌዳዎች ላይ እሞክራለሁ። የመርፌዋ ጥልቀት የፀጉር ያህል ከተሳሳተ መንገዱ ይበጠሳል።

ስለ ራሴ፤ አንገቴና የክንዴ መታጠፊያ ያሳክከኛል። ሸሚዜን ለብቻ እያጠብኩ ነው። ጉሮሮዬም ስለከረከረኝ ስፈለፍል አፍንጫና አፌን በሻርፕ መጠቅለል ጀምሬያለሁ። አባባ አየኝና፣ «ምነው፣ ዶሮዋን ልትሰርቃት ነው?» አለ።

ስለ አባባ፤ ሳሉ ጎህ ሲቀድ ይብስበታል። ከሲሊንደር የሚመጣው አየር ደረቅ ነው፤ እሱ ነው። በወንበሩ አጠገብ ውኃ የሞላ ገበቴ አስቀመጥኩ። ብርድ ለሳንባ ጠላት ስለሆነ የመስኮቱን ስንጥቅ በፕላስተር ደፈንኩት። አቧራ የሚስበውን መጥረጊያ አንድ ጊዜ ባስነሳው አባባ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ስለዚህ ብናኙን በብሩሽ ነው የምጠርገው፤ ብሩሽ የማይደርስበትን እፍ እያልኩ። ለእሱ ምቾት የማላደርገው ነገር የለም። ይህን የምጽፈው ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ማታ ማታ ስለ እንጨት ያስተምረኛል። ዋንዛ እንዴት እንደሚሸት፣ ዝግባ እንዴት እንደሚታዘዝ። «እንጨትን አትታገለው፤ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ጠይቀው።» በልጅነቴ ይህንን ሁሉ ያወራኝ ነበር? ያወራኝ ነበር ይሆናል። የቤት ሥራ ነበረብኝ።

ተናግሮ ሲጨርስ ከንፈሩ ላይ እንደ ዱቄት የመሰለ ነገር ነበር። በመሐረብ ጠረግሁለት።

እሑድ 24

ጠብ።

እህቴ የሳሎኑን ጠረጴዛ ስትወለውል ጨርቁን አየችው። «ይሄ ነጭ ነገር ምንድን ነው? ባለፈውም ጠርጌው ነበር።»

«ኖራ ነው። ግድግዳው ይራገፋል።»

ግድግዳችን የዘይት ቀለም መሆኑን ያስተዋልኩት ከሄደች በኋላ ነው።

ዋናው ጠብ ግን በዚህ አልነበረም። መተንፈሻውን የሸጠልንን ሰውዬ መንገድ ላይ አግኝታዋለች።

«አውስሃለሁ ብሎህ እምቢ አልከው?»

«አሮጌ ነው፣ እትዬ።»

«አባባስ አዲስ ነው?»

«አንድ ሳምንት ነው የቀረኝ። አንቺ ስለማይገባሽ ነው።»

«የማይገባኝ ምኑ ነው? ሦስት ሳምንት ሙሉ አባባን በቆርቆሮ አየር... አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ይሄን ነገር የምትሠራው ለእሱ ነው ወይስ ለራስህ?»

መልስ ነበረኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ሌላ ሆኖ ወጣ፤ «አንቺ መቼም ዛፍ አለሽ» አልኳት። ምን ማለት ነው እሱ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

አባባ ከወንበሩ፣ «ሁለታችሁም ዝም በሉ፤ ያለችውን ኦክስጅን ትጨርሱብኛላችሁ» አለ። ሳቅን። እሷ ዓይኗን በዚያው በወለወለችበት ጨርቅ ልትጠርግ አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

ማክሰኞ 26

ትናንት በምሳ ሰዓት ሰውዬው ዘንድ ሮጥኩ። ያገለገለውን መተንፈሻ ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። «አንዲት ሴት እናቷን ይዛ አለቀሰችብኝ፤ ምን ላድርግ? አንተ አልፈልግም ብለሃል።» ልክ ነው። ብያለሁ።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ አባባ ስልክ ላይ ነበር። ከእህቴ ጋር። ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቼ ቆምኩ። ለመስማት አይደለም፤ እንዳላቋርጠው ነው።

«ተይው እባክሽ... አይ፣ አትንገሪው... ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን አናውቅም እኮ፣ አንቺው ታውቂያለሽ...» ሳል። «እኔ አናጢ ነኝ፤ ስለ አቧራ ለእኔ ልትነግሪኝ ነው?...» ደግሞ ሳል። «ይጨርስ። ይጨርስና ከዚያ ያልሽውን አደርጋለሁ። ቃሌ ነው።»

ስለ ድሮው ሱቅ እያወሩ መሰለኝ።

ገባሁ። «ዶሮዋ ተርባለች» አለኝ። ማሽኗን አስነሳሁ። ወንበሩን ራሱ ጠጋ አደረገ።

ሐሙስ 28

ሦስተኛው። መንገዶቹ ሁሉ ደህና። ሊያልቅ አራት ቀዳዳ ሲቀር መሰርሰሪያዋ ተሰበረችና ጉማጇ መንገዱን ይዛ ሄደች። አንድ ሰሌዳ ቀረኝ።

የአባባ ሳል። ሲሊንደሩ አሁን ከሁለት ቀን አያልፍም።

ድካም።

ቅዳሜ 30

ጠዋት ከንፈሩ ሰማያዊ ነበር። በስሙ ጠራሁት፤ አባባ ሳይሆን በስሙ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እሱም እንደ እንግዳ ዞሮ አየኝ።

ሐኪም ቤት። እህቴ ከእኛ ቀድማ ደርሳለች። የሳንባውን ፎቶ ሐኪሙ ብርሃን ላይ ለጠፈው። ወጣት ነው፤ ድምፁ ግን የሽማግሌ።

«አባቴ፣ ሳንባዎ ድሮም የተጎዳ ነው። ይሄ ግን አዲስ ነው። የቅርብ ጊዜ ነው።» በእስክሪብቶው ጫፍ አሳየን። እኔ ያየሁት እስክሪብቶውን ነው። «ቤት ውስጥ አቧራ የሚያስነሳ ሥራ ይሠራል?»

«አናጢ ነበርኩ» አለ አባባ።

«እሱንማ አውቃለሁ። አሁን ማለቴ ነው።»

«አሁን ምን አለ ብለህ ነው ልጄ? እኔና ልጄ ብቻ ነን። ቁጭ ብለን እናወራለን።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ጥፍሮቼን እያየሁ ነበር። ውስጣቸው ነጭ ነው። እጄን ኪሴ ከተትኩ። እህቴ እኔን አላየችም። መስኮቱን ነው ያየችው፤ እዚያ ደግሞ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ለሦስት ቀን አስተኙት።

ስንወጣ አንድ ነገር ልነግራት ፈለግሁ፤ ከዚያ ምን እንደሆነ ጠፋብኝ። «አራተኛው ነገ ያልቃል» አልኳት። «ጎሽ» አለች። ሌላ ጊዜ ይህን ቃል ወድጄው አውቃለሁ።

እሑድ 1

ብቻዬን ነኝ። ቤቱ ጭጭ ብሏል።

አራተኛውን ፈለፈልኩ። ምንም አልተበላሸም። ቀዳዳው፣ መንገዱ፣ ጠርዙ። ሰው በማይጠብቅበት ቀን ሥራ ይቃናል።

ለመጥረግ የአባባን ወንበር ገፋ አደረግሁት። እግሮቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ወለሉ ንጹሕ ነበር። አራት ትንንሽ ንጹሕ ክቦች፤ ከእነሱ ፊት ለፊት ደግሞ የጫማዎቹ ቅርጽ፣ ጎን ለጎን። በዙሪያቸው ያለው ወለል ሌላ ቀለም ነው።

ቆሜ ብዙ አየሁ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ቦታው መለስኩት፤ እግሮቹን በክቦቹ ላይ አስተካክዬ።

ዛሬ ሌላ የምጽፈው የለም።

ሰኞ 2

ብየዳ። ካውያው ይግላል፣ ይበርዳል። ከድሮው ቦርድ ደህናዎቹን ቁራጮች ነቅዬ ወደ አዲሱ አዛወርኩ። የተቃጠሉትን ከሥራ ቤት፣ ከአንድ የሞተ ኮፒ ማሽን አገኘሁ። አለቃዬ አየኝና አለፈ።

እህቴ ደወለች። «ነገ እኔ ነኝ የማወጣው። አንተ ቤቱን አናፍስ።»

ቤቱን አናፍስ። የቤት ሠራተኛ የሚታዘዘው እንዲህ ነው። የመስኮቱን ፕላስተር ላነሳ ሞከርኩ። ቀለሙን ይዞ መጣ።

ሐሙስ 5

ይሠራል።

ከሁለት ቀን በፊት ነው አባባ ወደ ቤት የተመለሰው። ክፍሌን ዘግቼዋለሁ፤ አሁን ሳሎን ነው የሚቀመጠው። ዛሬ ከሰዓት ቦርዱን በቦታው አሰርኩ፤ አራት ብሎን። ሶኬቱን ስሰካ ዓይኔን ጨፈንኩ። ትንሽ ጸጥ አለ። ከዚያ አንደኛው ቫልቭ ተከፈተ። አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት... አምስት... ስድስት። «ጭስስ።» ሁለተኛው ተከፈተ። «ጭስስ።»

«ተነሳች?» አለ አባባ።

«ተነሳች።»

ቱቦውን ከሲሊንደሩ ነቅዬ መተንፈሻው ላይ ሰካሁለት። ተነፈሰ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ብዙ ጊዜ። እጁን ዘረጋና ቦርዱ ያለበትን ጎን፣ በቀፎው ላይ፣ ያን ዕለት ጣውላውን እንደዳበሰው ዳበሰው።

«እጅህን ይባርከው» አለኝ። «ንጹሕ ሥራ ነው።»

ለዚህ ቃል ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠብቄያለሁ ብል ማጋነን ይሆናል። ግን ጽፌዋለሁ፣ ይቀመጥ።

ንጹሕ ሥራ ነው። ቃሉን ማታውን ሁሉ ወዲያና ወዲህ ሳገላብጠው አመሸሁ። በአንድ በኩል ሳየው ደስ ይለኛል። በሌላው በኩል አላየሁትም።

እሑድ 8

እህቴ ከባሏ ጋር መጣች። መኪናውን ደጃፍ አቆሙት። ማንም ምክንያቱን አላነሳም። አባባ ጠዋት ራሱ ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ሳሎን ሲጠብቅ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከራከርለት ሰው ያስፈለገው መስሎኝ «አባባ፣ ካልፈለግህ እኮ...» አልኩ።

«ቃል ሰጥቻለሁ» አለ። «ሥራው ሲያልቅ ብዬ።»

መተንፈሻውን እኔ ተሸከምኩ። ለባሏ አልሰጠሁም። አባባ በየአምስት ደረጃው እየቆመ ወረደ። ባሏ ከፊቱ በጀርባው እየወረደ፣ «አይዞዎት አባባ፣ መንገዱ ቁልቁለት ነው» ይለዋል። «አንተ ሽቅብ ይዘኸኝ ልትመለስ አላሰብክም ማለት ነው» አለው አባባ። ባልየው ሳቁን በሳል ሸፈነ፤ ከዚያ በመሳሉ አፈረ።

መኪናው ውስጥ ካስቀመጥነው በኋላ እጄን ያዘ። ገለበጠው። ጥፍሮቼን አየ።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኩት።

«ና።» እጄን አልለቀቀም። «ስትሠራ መስኮት ክፈት።»

«ብርድ ይገባል እኮ።»

«ይግባ።»

ዓይኑ ከእኔ ወደ መሪው ዞረ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከዚያ፣ ፀሐይ ፊቱ ላይ ሲያርፍ እንደሚያደርገው፣ ዓይኑን ጨፈነ፤ የደከመው መሰለኝ።

መድኃኒቶቹን ረስተናል ብዬ ተመለስኩ። እህቴም ተከትላኝ ወጣች፤ የአባባን ብርድ ልብስ ልትወስድ። ክፍሌን ራሷ ከፈተችው። ብርድ ልብሱ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ከማሽኗ አጠገብ፣ አባባ ሲነሳ እንደተወው። ይዛው ወደ መስኮቱ ሄደች። አራገፈችው። አንድ ጊዜ ብቻ።

ፀሐይ ነበር። ብርሃኑ ውስጥ የተነሳው ነገር ለመውረድ ረጅም ጊዜ ወሰደ። እያብለጨለጨ ነው የሚወርደው። እህቴ እስኪያልቅ ድረስ አየችው። እኔ እሷን አየኋት።

«ስጪኝ፣ እኔ ልያዝልሽ» አልኩ።

«አይ፣ ይቅር። እኔ ቤት ሌላ አለ።»

አጣጥፋ ወንበሩ ላይ መለሰችው፤ በቀስታ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኙት። እጆቿን በቀሚሷ ጠረገች። ደግማ ጠረገች። አፏን ከፈተች፤ ስሜን ልትጠራ መሰለኝ። መድኃኒቶቹን ከእጄ ተቀበለችኝ።

ወጣች። በሩ ተዘጋ።